ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከየት መጣ?

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ አምስት ፊደል ብቻ አለው። ኢ፣ ት፣ ዮ፣ ጵ፣ ያ። እርሳስና ደብተር አጠገባችሁ ካለ አሁኑኑ ጻፉት። ጻፋችሁ? ደግ። አሁን የጻፋችሁት የአገራችሁን ስም ነው።

ይህን ስም ማንበብ ከመቻላችሁ በፊትም ታውቁት ነበር። በዘፈን ሰምታችሁታል፤ በጸሎት ሰምታችሁታል፤ በለቅሶና በዘመቻ ፉከራ ሰምታችሁታል። ነገር ግን ስትሰሙት ያላያችሁት፣ ስትጽፉት ግን የምታዩት አንድ ነገር በቃሉ ውስጥ አለ። ወደ እሱ እንመጣለን። በመጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ኢትዮጵያ ማለት ምን ማለት ነው? ስሙንስ ማን አወጣው?

አባቶች የሚነግሩን

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ስለ አገራችን ስም ግን አባቶች የሚነግሩን ሌላ ታሪክ ነው። እንዲህ ይላሉ።

ከጥፋት ውኃ በኋላ የኖኅ ልጅ ካም ኩሽን ወለደ። ኩሽም ኢትዮጲስ የሚባል ልጅ ወለደ። ኢትዮጲስ ወደዚህ አገር መጥቶ ነገሠ። አገሪቱም በስሙ ኢትዮጵያ ተባለች። የአክሱም መጽሐፍ የሚባለው የጥንት የግዕዝ ጽሑፍ ደግሞ ኢትዮጲስ ከተማውን የሠራው መዝበር በሚባል ቦታ እንደ ሆነ፣ መቃብሩም እዚያው እንደሚገኝ ይተርካል። ልጁም አክሱማዊ ይባል ነበር፤ የአክሱም ስም የመጣው ከእሱ ነው ይላል።

ሌላም አለ። በቅርብ ዘመን የተጻፉ አንዳንድ መጻሕፍት ስሙን ለሁለት ከፍለው «ለእግዚአብሔር የተሰጠ ቢጫ ወርቅ» ብለው ይተረጉሙታል። ይህም በብዙ ሰው አፍ ይነገራል። ለጆሮ ደስ ይላል። ወርቅ ማን ይጠላል?

እንግዲህ እነዚህ ተረኮች በአያት በቅድመ አያት አፍ ቆይተው የደረሱን ናቸው። አንንቃቸው። ግን ደግሞ ማንበብ የቻለ ሰው አንድ ጥቅም አለው። የሰማውን ነገር ካነበበው ጋር ማመዛዘን ይችላል። ቀድሞ የነገሩትን ተቀብሎ መሄድ ብቻ ነበር ዕድሉ። አሁን ግን «እስቲ ልየው» ማለት ይችላል። እኛም ዛሬ እስቲ እንየው።

መጽሐፍ ቅዱስ ያለው ሰው ኦሪት ዘፍጥረትን ምዕራፍ 10 ገልጦ ያንብብ። እዚያ ላይ የኩሽ ልጆች በስም ተዘርዝረዋል። ሳባ፣ ኤውላጥ፣ ሰብታ፣ ራዕማ፣ ሰበቃታ ይላል። ኋላም ናምሩድን ይጨምራል። ኢትዮጲስ የሚል ስም ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የወርቁንም ነገር እንመልከት። በግዕዝ ወርቅ ያው «ወርቅ» ነው። ስጦታ ደግሞ «ሀብት» ይባላል። ሁለቱም ኢትዮጵያ ከሚለው ቃል ጋር አይመሳሰሉም።

ታዲያ ስሙ ከየት መጣ?

ፊደሉ ራሱ ይመሰክራል

ቅድም «በቃሉ ውስጥ የምታዩት ነገር አለ» ያልነው ይህን ነው። የፊደል ገበታችሁን አውጡ። ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ ከጠና ከጨ ቀጥሎ፣ ጰ የሚል ፊደል አለ። ጰ፣ ጱ፣ ጲ፣ ጳ፣ ጴ፣ ጵ፣ ጶ። ፊደል ስትቆጥሩ ይህን ቤት በቃላችሁ ይዛችሁታል። ግን ስንት ጊዜ ተጠቀማችሁበት? በልታችሁ፣ ጠጥታችሁ፣ አርሳችሁ፣ ነግዳችሁ ስትውሉ ጰ ያለበት ቃል ስንት ጊዜ ከአፋችሁ ወጣ?

እስቲ አብረን እንፈልግ። ጳጳስ አለ። ጠረጴዛ አለ። ጳጉሜ አለ። ከሰው ስም ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ፊሊጶስ አሉ። ከዚያ በኋላ መፈለግ ይከብዳል፤ አይደለም?

ነገሩ ወዲህ ነው። እነዚህ ሁሉ ከግሪክኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ጳጳስ በግሪክኛ አባት ማለት ነው። ጠረጴዛም የግሪክ ቃል ነው። ጳጉሜን ማለት በግሪክኛ «የተጨመረ» ማለት ነው፤ በ12ቱ ወር ላይ የተጨመሩት 5 ወይም 6 ቀኖች ናቸውና። ጴጥሮስና ጳውሎስም የደረሱን በግሪክኛ በኩል ነው። የጥንት ጸሐፊዎቻችን እንዲህ ያለውን የውጭ ድምፅ የሚጽፉበት ፊደል አስፈለጋቸው። ጰ በአብዛኛው የሚያገለግለው ለዚሁ ነው። ስለዚህ በአንድ አሮጌ ቃል ውስጥ ጰን ስታዩ «ይህ ቃል ከግሪክ አገር ሳይመጣ አይቀርም» ብላችሁ ብትገምቱ ብዙ አትሳሳቱም።

አሁን ወደ ደብተራችሁ ተመልሳችሁ የአገራችሁን ስም እዩት። ኢ፣ ት፣ ዮ፣ ጵ፣ ያ። አራተኛው ፊደል ምንድን ነው? ጵ ነው። ኢትዮጲስ የሚለውንም ጻፉት። እዚያም ውስጥ ጲ አለ። መጨረሻውም እንደ ጴጥሮስ፣ እንደ ጳውሎስ፣ እንደ ማርቆስ በስ ያልቃል። የግሪክ ወንዶች ስም ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ኢትዮጲስም የለበሰው የግሪክ ልብስ ነው ማለት ነው።

«ፊቱን ፀሐይ የመታው»

ግሪኮች ከሜዲትራኒያን ባሕር በስተሰሜን የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። በቋንቋቸው «አይቶ» ማለት አቃጥላለሁ ማለት ነው። «ኦፕስ» ማለት ደግሞ ፊት ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው «አይትዮፕስ» አሉ። ፊቱ የተቃጠለ፣ ፊቱን ፀሐይ የመታው፣ ጠይም ወይም ጥቁር ሰው ማለት ነው። የእነዚህ ሰዎች አገርም «አይትዮፕያ» ተባለች። የቃሉ የተለመደ ትርጉም ይህ ነው። አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት ግን ቃሉ ከግሪኮችም በፊት የነበረ የሌላ ቋንቋ ቃል ሊሆን ይችላል፤ ግሪኮች ኋላ በራሳቸው ቋንቋ ፈቱት እንጂ ይላሉ።

ቃሉ ምን ያህል አሮጌ ነው? በግሪክ አገር ፒሎስ በምትባል ቦታ በሸክላ ላይ የተጻፉ ጽሑፎች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው ወደ 3,200 ዓመት ነው። በእነዚያ ሸክላዎች ላይ ይህ ቃል የአንድ ሰው ስም ሆኖ ተጽፏል። እኛ ጥቁሬ፣ ጠይሙ እያልን ሰው እንደምንጠራ መሆኑ ነው።

ምነው እንዲህ ብለው ጠሩን፣ ስድብ ይሆን እንዴ? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን አይደለም ነው። ሆሜር በሚባለው ባለቅኔ ስም የሚታወቁት የግሪክ ግጥሞች ከዛሬ 2,700 ዓመት ገደማ በፊት የተገጠሙ ናቸው። በእነዚህ ግጥሞች ውስጥ ኢትዮጵያውያን ነውር የሌለባቸው ሰዎች ተብለው ይመሰገናሉ። የግሪክ አማልክትም ወደ እነሱ አገር ለግብዣ ይሄዳሉ። ሰው ለሚንቀው ጎረቤት አማልክቱን ግብዣ አይልክም።

ግሪኮችም ሆኑ ከእነሱ በኋላ የተነሡት ሮማውያን ስለ ጥቁር መልክ ተረት ነበራቸው። የፀሐይ አምላክ ፋኤቶን የሚባል ልጅ ነበረው ይላሉ። ልጁ አንድ ቀን «የፀሐይን ሠረገላ እኔ ልንዳ» ብሎ አባቱን ለመነ። አባትየው እንቢ ለማለት ሳይችል ቀረ። ልጁ ግን ፈረሶቹን መግታት አቃተው። ሠረገላው ወደ ምድር ቀረበ። ምድር ተቃጠለች። የኢትዮጵያ ሰዎች የጠቆሩት ያን ቀን ነው ይላል ተረቱ። እውነት አይደለም። ዛሬ ሳይንስ የቆዳን መልክ በሌላ መንገድ ያስረዳል። በቆዳችን ውስጥ ያለው ቀለም ጠንካራ ፀሐይ ባለበት አገር ሰውን ከጉዳት ይጠብቀዋል። ተረቱ ግን አንድ ነገር ያሳየናል። ስም ባለበት ሁሉ ሰው ለስሙ ታሪክ ይፈልጋል።

የትኛዋ ኢትዮጵያ?

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙ። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ዛሬ በካርታ ላይ የምናያትን አገር ብቻ ማለታቸው አልነበረም። ጥቁር ሰዎች የሚኖሩበትን ሩቅ አገር ሁሉ እንዲህ ይሉት ነበር። ሆሜር እንኳ ኢትዮጵያውያን በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ፀሐይ በምትወጣበት፣ ግማሾቹ ፀሐይ በምትጠልቅበት ይኖራሉ ይላል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ከግብፅ በስተደቡብ በዓባይ ወንዝ ዳር ያለውን አገር ማለታቸው ነበር። ይህ አገር ኩሽ የሚባለው መንግሥት ነው። ዋና ከተማው ኋላ ሜሮዌ ሆነ። የሜሮዌ ፍርስራሽና ፒራሚዶች ዛሬ የሚገኙት በሱዳን ነው። ሄሮዶቱስ የሚባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ከዛሬ 2,450 ዓመት ገደማ በፊት ሜሮዌን የኢትዮጵያውያን ዋና ከተማ ብሎ ጽፏል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የሚነገርለት የኢትዮጵያዊቱ ንግሥት የህንደኬ ባለሥልጣንም ከዚያው ከሜሮዌ መንግሥት የመጣ ነው። የሜሮዌ ንግሥቶች የማዕረግ ስም «ካንዳኬ» ነበርና።

ሄሮዶቱስ ስለ ኢትዮጵያውያን አንድ ደስ የሚል ታሪክ ጽፏል። ግማሹ ታሪክ፣ ግማሹ ተረት ነው። በአጭሩ እንዲህ ነው።

ካምቢሰስ የሚባለው የፋርስ ንጉሥ ግብፅን ያዘ። ይህም የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ525 ነው። ከዚያም በደቡብ ባሕር አጠገብ፣ በምድር ዳር፣ ይኖራሉ የተባሉትን ኢትዮጵያውያን ሊወጋ አሰበ። በፊት ግን ሰላዮች ላከ። ሰላዮቹ እንደ ወዳጅ ሆነው ስጦታ ይዘው ሄዱ። ቀይ ግምጃ፣ የወርቅ ሐብልና አምባር፣ ሽቶና የተምር ጠጅ ይዘው ነበር።

የኢትዮጵያው ንጉሥ ግን ነገሩ ወዲያው ገባው። ልብሱን አይቶ ቀለሙ ማታለያ ነው አለ። የወርቁን ሐብልና አምባር አይቶ ሳቀ። እግር ብረት መሰለውና በእኛ አገር ከዚህ የሚጠነክር አለ አላቸው። በእሱ አገር እስረኞች የሚታሰሩት በወርቅ ሰንሰለት ነበር ይላል ታሪኩ። የወደደው ጠጁን ብቻ ነበር። ከዚያም አንድ ትልቅ ደጋን ሰጣቸው። ፋርሶች እንዲህ ያለውን ደጋን ያለ ችግር መለጠጥ ሲችሉ ያን ጊዜ ይምጡብን፤ እስከዚያ ግን ኢትዮጵያውያን የሰው አገር ስላልተመኙ አምላካቸውን ያመስግኑ ብሎ መልእክት ላከ። ካምቢሰስ ተቆጣ። ስንቅ ሳያዘጋጅ ዘመተ። ሠራዊቱ መንገድ ላይ ተራበ። የጭነት ከብቱን አርዶ በላ፤ ሣር በላ፤ በመጨረሻም እርስ በርሱ መበላላት ጀመረ። ንጉሡም አፍሮ ተመለሰ።

ታሪኩ ሁሉ እንዲህ እንደ ተነገረው ላይሆን ይችላል። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ በሉ። የኢትዮጵያ ስም በሰው አገር መጽሐፍ ውስጥ ገና ያን ጊዜ የሰው አገር ከማይመኝ፣ የራሱንም ከማይሰጥ ሕዝብ ጋር ተያይዞ ነበር።

ስሙ ወደ አክሱም መጣ

እሺ፣ ስሙ ግሪኮች ያወጡት ከሆነ፣ የተጠራበትም አገር በብዛት ሜሮዌ ከነበረ፣ እኛ ጋ እንዴት ደረሰ? ሁለት መንገድ እናገኛለን። አንደኛው መንገድ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው መንገድ ድንጋይ ነው።

መጽሐፉን እናስቀድም። ብሉይ ኪዳን በመጀመሪያ የተጻፈው በዕብራይስጥ ነው። በዕብራይስጥ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው አገር ኩሽ ይባላል። ከዛሬ 2,200 ዓመት በላይ በፊት በግብፅ፣ በእስክንድርያ ከተማ፣ የሚኖሩ አይሁድ መጽሐፉን ወደ ግሪክኛ መተርጎም ጀመሩ። ተርጓሚዎቹ ኩሽ የሚለውን የአገር ስም ሲያገኙ የግሪክ አንባቢ በሚያውቀው ስም ተኩት፤ ኢትዮጵያ አሉት። የሰውዬውን፣ ማለት የካምን ልጅ የኩሽን ስም ግን እንዳለ ተዉት።

ከዚያ በኋላ በአክሱም ዘመን፣ ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ፣ መጽሐፉ ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ተተረጎመ። ኢትዮጵያ የሚለው ስምም አብሮ ወደ ግዕዝ ገባ። እንግዲህ የኛ ሰው በአንድ በኩል የኖኅ የልጅ ልጅ ኩሽን አነበበ። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ የምትባል አገርን አነበበ። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ሰው ፈለገ። ኢትዮጲስ የሚባለው የኩሽ ልጅ ወደ ተረካችን የገባው በዚህ መንገድ ይመስላል።

አሁን ወደ ድንጋዩ። የአክሱም ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ነገሠ። ከ1,600 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኢዛና በቤጃ ሕዝብ ላይ ስላደረገው ዘመቻ በድንጋይ ላይ አስቀርጿል። ጽሑፉ የተቀረጸው በሁለት ቋንቋ ነው፤ በግዕዝና በግሪክኛ። ግዕዙም አንዴ በግዕዝ ፊደል፣ አንዴ ደግሞ በደቡብ ዐረቢያ ፊደል ተጽፏል። ድንጋዩ ዛሬም አክሱም ውስጥ ቆሞ ይታያል።

ኢዛና በዚህ ጽሑፍ እገዛቸዋለሁ የሚላቸውን አገሮችና ሕዝቦች ይዘረዝራል። በግዕዙ ሐበሻ የሚለው ስም ባለበት ቦታ ላይ በግሪክኛው ኢትዮጵያውያን የሚል ተጽፏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአክሱም ንጉሥ ለውጭ ሰው በውጭ ሰው ቋንቋ ሲናገር የራሱን ሕዝብ «ኢትዮጵያውያን» አለ ማለት ነው። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ካሱ የሚል ስምም አለ። ካሱ ማለት ኩሽ ነው፤ የሜሮዌ አገር ነው። ስለዚህ ለኢዛና ኩሽ ሌላ፣ ኢትዮጵያ ሌላ ሆነዋል። ስሙ ከሜሮዌ ተነሥቶ አክሱም ላይ ሲያርፍ በዓይናችን እናያለን።

ከዚያ ወዲያ ስሙ እየጠነከረ ሄደ። በ14ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ ክብረ ነገሥት የሚባለው መጽሐፍ በግዕዝ ተዘጋጀ። የንግሥተ ሳባንና የቀዳማዊ ምኒልክን ታሪክ የሚተርከው ይህ መጽሐፍ ኢትዮጵያ የሚለውን ስም በክብር ያነሣል። ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታትም በዚሁ ስም ተጠሩ።

ሐበሻና አቢሲኒያ

ሌላው የቆየ ስም ሐበሻ ነው። ይህም ጥንታዊ ነው። በቀይ ባሕር ማዶ፣ በየመን፣ በተገኙ የድንጋይ ጽሑፎች ላይ አለ። ዐረቦች አገሩን አል-ሐበሻ ይሉታል። በ615 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው የመጡት ወደ ሐበሻ ምድር ነው። አውሮፓውያን ይህንኑ ስም በአፋቸው እየለወጡ «አቢሲኒያ» አሉት።

ብዙ ዘመን አገሩ በውጭ አገር ሰዎች ካርታና ጋዜጣ ላይ አቢሲኒያ ይባል ነበር። አገሩ ራሱን የሚጠራው ግን ኢትዮጵያ ብሎ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥትም ኢትዮጵያ በሚለው ስም ነው የወጣው። ቀስ በቀስ የውጭ ሰዎችም አቢሲኒያ ማለቱን ተዉ።

ተረኩስ ምን ይሁን?

አሁን አንዳንዶቻችሁ «እንግዲያው ኢትዮጲስ ውሸት ነው ማለት ነው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ነገሩን እንዲህ እንየው። ከ1,900 ዓመት በላይ በፊት የኖረ ፕሊኒ የሚባል ሮማዊ ጸሐፊም ስለ ኢትዮጵያ ስም ጽፏል። እሱ ደግሞ ስሙ የመጣው አይትዮፕስ ከሚባል ሰው ነው ይላል። ይህ ሰው የእሳትና የብረት ሥራ አምላክ ልጅ ነው ይላል። እንግዲህ እዩ። የኛ አባቶች ኢትዮጲስን የኩሽ ልጅ አሉት። ሮማዊው የእሳት አምላክ ልጅ አለው። ሁለቱም የስሙን ምንጭ ባጡ ጊዜ ያደረጉት አንድ ዓይነት ነገር ነው። ለስሙ አባት ፈለጉለት።

ይህ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። በየመንደራችሁም አለ። ይህ ኮረብታ ለምን እንዲህ ተባለ? ብትሉ አንድ ሽማግሌ የአንድ ጀግና ወይም የአንድ ባላባት ስም ይጠሩላችኋል። ተረክ የሚነግረን ተራኪዎቹ ምን እንደ ተመኙ ነው። የኛ አባቶች አገራቸው ከኖኅ ዘመን ጀምሮ የነበረች፣ ሥር ያላት መሆኗን መናገር ፈለጉ። ይህን ምኞታቸውን እናክብር። ነገር ግን ምኞትንና ማስረጃን አንድ ላይ አንቀላቅል።

ለምን አንቀላቅልም? ጉዳት ስላለው ነው። ኢትዮጵያ የአንድ ሰው የዘር ሐረግ ናት ካልን፣ ከዚያ ሐረግ አይደለም የተባለ ሁሉ በገዛ አገሩ እንግዳ ይሆናል። «እኔ የኢትዮጲስ ዘር ነኝ፤ አንተ ግን ኋላ የመጣህ ነህ» የሚል ሰው ይነሣል። በስም የተነሣ ጠብ ደግሞ በስም ብቻ አያበቃም። የስሙ እውነተኛ ታሪክ ግን ይህን በር ይዘጋል። ስሙ ሲወጣ የአንድ ቤተሰብ፣ የአንድ ቋንቋ ወይም የአንድ ሃይማኖት ስም አልነበረም። ግሪኩ ቋንቋቸውን ሳይለይ፣ ዘራቸውን ሳይጠይቅ፣ ፀሐይ የመታውን ፊት ሁሉ የጠራበት ስም ነው። በዚህ መለኪያ ደገኛው፣ ቆለኛው፣ አርሶ አደሩና አርብቶ አደሩ እኩል ናቸው። ማንም ለማንም የሚሰጠው፣ ማንም ከማንም የሚነጥቀው ስም አይደለም።

«ሰው ያወጣልን ስም ከሆነ ምን ያኮራል?» የሚልም ይኖራል። እስቲ ራሳችሁን ተመልከቱ። ስማችሁን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ? አይደላችሁም። ወላጅ ወይም ዘመድ ነው ያወጣው። ስሙን የተከበረ ወይም የተናቀ የምታደርጉት ግን እናንተ ናችሁ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚባለው ስለ ምግባር እንጂ ስለ ፊደሉ አይደለም። የአገር ስምም እንዲሁ ነው። ግሪኮች ቃሉን ሰጡ። ትርጉሙን የሞሉት ግን በስሙ የኖሩበት ሰዎች ናቸው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በ1885 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1892፣ በደቡብ አፍሪካ ማንጌና ሞኮኔ የሚባል ጥቁር ቄስ ነበር። ነጮች በሚመሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረው የዘር መድልዎ መረረው። ወጥቶም በፕሪቶሪያ ከተማ ጥቁሮች ራሳቸው የሚመሩት ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ። ስሙን ምን አለው? የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አለው። ሰውዬው የኛ አገር ተወላጅ አልነበረም። ስሙን በመጽሐፍ ቅዱስ አንብቦ ነው ያገኘው። ፊቱ የጠቆረ ሰው ሁሉ ስም መሆኑን ተረድቶ፣ የነፃነት ስም አደረገው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የዓድዋ ድል ሲሰማ ይኸው ስም በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ይበልጥ ከበረ። ስድብ ሊሆን ይችል የነበረው ቃል መኩሪያ የሆነው እንዲህ ነው።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢዎች፣ የተናገርነውን ባጭሩ እንሰብስበው። ኢትዮጵያ የሚለው ቃል ወደኛ የደረሰው ከግሪክኛ ነው። ትርጉሙ ፊቱን ፀሐይ የመታው ሰው አገር ማለት ነው። መጀመሪያ የተጠራበት አገር በአብዛኛው በዛሬዋ ሱዳን የነበረው የኩሽ መንግሥት ነው። በመጽሐፍ ትርጉምና በአክሱም ነገሥታት ጽሑፍ ወደኛ መጣ። ኢትዮጲስ የሚባለው አባት ደግሞ በተረክ የተጨመረ ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ኢዛና ድንጋዩን ባያስቀርጽ ኖሮ ሐበሻና ኢትዮጵያዊ በአንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ባላየን ነበር። እናንተም ዛሬ ፊደሉን ባትለዩ ኖሮ የጵ ምስክርነት ባልገባችሁ ነበር። ስለዚህ ማንም ሰው መጥቶ ስለ ስማችሁ፣ ስለ ዘራችሁ ወይም ስለ አገራችሁ አንድ ነገር ሲነግራችሁ በደግ ስሙት። ከዚያም «የት ተጽፏል? እስቲ አሳየኝ» በሉት። ይህን ማለት ነውር አይደለም። የአንባቢ ሰው ወግ ነው።

ለውይይት

ከጎረቤት ወይም ከጥናት ጓደኛ ጋር ሆናችሁ በሚከተሉት ላይ ተነጋገሩ።

1. ጰ ወይም ጳ ያለባቸውን አምስት ቃላት ጻፉ። ከየት የመጡ ይመስላችኋል?

2. የመንደራችሁ ወይም የከተማችሁ ስም ከየት መጣ? ሁለት ሽማግሌዎችን ለየብቻ ጠይቃችሁ የነገሯችሁን ጻፉ። ሁለቱ ይስማማሉ?

3. የአገር ስም የአንድ ዘር ነው ቢባል ምን ጉዳት ይመጣል?

4. የራሳችሁን ስም ትርጉም በሦስት መስመር ጻፉ። ስሙን ማን አወጣላችሁ? እናንተስ ምን ትርጉም ጨመራችሁበት?